አክስቴ ፊቷን ያዞረችልኝ ጊዜ

ባለፈው ጁምዓ ካምፓላ ኪቡሊ መስጂድ፣ ከሶላት በፊት በምንታጠብበት የሴቶቹ የውዱእ ቦታ፣ አንዲት ልጅ ከጎኔ ተቀምጣ ትታጠብ ነበር። እኔ ስደርስ ክርኗ ላይ ነበረች። ታጥቤ፣ ጫማዬን ፈልጌ፣ ከአንዲት የድሮ ደንበኛዬ ጋር ስለ ልጇ ሠርግ አውርቼ ስመለስም እዚያው ክርኗ ላይ ነበረች። የእጇ ቆዳ ነጥቷል፤ የጣቶቿ መገጣጠሚያ ተሰነጣጥቋል። ደንበኛዬ፣ እሷም የእኛው አገር ሰው ናት፣ ልጅቷን አየት አድርጋ «ማሻአላህ! የዛሬ ልጅ እንዲህ ስትጠነቀቅ ማየት ደስ አይልም?» አለችኝና ወደ ውስጥ ገባች። እኔን ግን ደስ አላለኝም። ያንን እጅ አውቀዋለሁ።

ልጅቷ በአማርኛ ስናወራ ሰምታናለች መሰለኝ ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «እትዬ፣ በአላህ አንዴ ቆመው ይዩኝ። አሁን አጥባለሁ፤ ውሃው መድረሱን ብቻ ይንገሩኝ» አለች።

ምን እንደመለስኩላት ቆይቼ እነግራችኋለሁ። መልሱ እንዲገባችሁ መጀመሪያ አክስቴን ማወቅ አለባችሁ።

አክስቴ ሐሊማ የእናቴ ታላቅ ነበረች። በልጅነቴ እናቴ ስትሞት ከኮምቦልቻ ወደ ካምፓላ ያመጣችኝ እሷ ናት። ኪቡሊ ኮረብታ ቁልቁለቱ ላይ ሽቲና ጅልባብ የምትሸጥበት ትንሽ ሱቅ ነበራት፤ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ደግሞ እኔ በልብስ ስፌት መኪናዬ እሰፋለሁ። ሃያን ብዙም አላለፍኩም ነበር። ነገር ግን እጄ የተባረከ ነበር፤ ይህን ስናገር አላፍርም። የሙሽራ ልብስ ከሆነ ሰዎች ከመሐል ከተማ ድረስ በቦዳ ሞተር ብስክሌት እኔን ፍለጋ ይመጡ ነበር። አክስቴ ደንበኛ በመጣ ቁጥር መጋረጃውን ገልጣ «ያቻት ልጄ» ትላለች፤ የእህቴ ልጅ ብላ አታውቅም።

ካምፓላን የሚያውቅ ሰው ካሎሊን ያውቃል። ቁመቱ የልጅ ያህል የሆነ፣ ራሱ የተመለጠ፣ አንገቱ ላይ ከረጢት የተንጠለጠለበት ትልቅ ወፍ ነው። የቆሻሻ ክምር ላይ እንደ ቀበሌ ሊቀመንበር ይንጎራደዳል፤ ሲጠግብ ደግሞ ትልልቅ ዛፎች ላይ ወጥቶ ይሰፍራል፤ ከሥሩ የሚያልፍ ሰው ወዮለት። አንድ ቀን ለመግሪብ ሶላት ስቻኮል ከሱቃችን ፊት ለፊት ካለው ዛፍ ላይ የለቀቀው ነገር ትከሻዬ ላይ አረፈ። ታጠብኩ። ልብሴን ለወጥኩ። ሰግጄ ስጨርስ ግን አንድ ሐሳብ መጣብኝ፦ ወደ እጄ ወርዶ ቢሆንስ? ተነስቼ እንደገና ታጠብኩ። እንደገና ስሰግድም ያው ሐሳብ እንደገና መጣ።

ሽማግሌዎቻችን ይህን ነገር ወስዋስ ይሉታል፤ ሰይጣን በጆሮ ሹክ የሚለው ጥርጣሬ ነው። ስሙን ሁሉም ያውቀዋል። እኔ ዘንድ ሲመጣ ግን ማንም አላወቀውም፤ መልኩ የደግ ሰው ነበራ። በየሶላቱ የምትታጠብ፣ ቆሻሻ የምትጠየፍ፣ መንገድ ላይ ኩሬ ስታይ ዞራ የምትሄድ ልጅ በእኛ ሰፈር ትመሰገናለች እንጂ ማን ታማለች ይላታል? ሴቶቹ ለልጆቻቸው «እንደ ዘይነብ ሁኑ» ይሉ ነበር። እኔ ደግሞ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሆኜ አዛን ሲጠራ እሰማለሁ፤ ታጥቤ ሳልጨርስ የሚቀጥለው አዛን ይደርሳል። በመጨረሻ ሶላቱን ተውኩት። ውዱኤ መቼም እንደማይሞላ ስላመንኩ ተውኩት። ለማንም አልተናገርኩም። እየታጠብኩ እውላለሁ፣ አልሰግድም። 

አክስቴ የምታውቀው ግማሹን ነበር። መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ፎጣ ይዛ ትቆምልኛለች። «አክስቴ፣ ክርኔ ረጥቧል?» እላታለሁ። «ወላሂ ረጥቧል» ትለኛለች። «ተረከዜስ?» «ወላሂ! በዓይኔ አየሁት እኮ፣ ልጄ!» የእሷን ወላሂ ስሰማ ደረቴ ቀለል ይልልኛል። ግን እንደ ስኳር ነው፤ ምላስ ላይ ብዙም ሳይቆይ ያልቃል፣ ከዚያ ሌላ ያስፈልጋል። እሷ ሰልችቷት አያውቅም። ማሰሮዋ እያረረ፣ ደንበኛዋ እየጠበቃት፣ ትመጣና ትምልልኛለች።

ከዚያ የአንዲት ሙሽራ ልብስ ተበላሸ። ነጭ ሳቲን ነበር። የተሰነጣጠቀው እጄ ሳላውቅ ደምቶ ደረቱ ላይ ትንንሽ ነጠብጣብ ተወ። አክስቴ ሙሽራዋን እንዴት አድርጋ እንዳባበለቻት አላውቅም፤ ማታ ግን ከጎኔ ተቀምጣ እጄን ጭኗ ላይ አኖረችና ለረጅም ጊዜ አየችው። «ይህ ጅን ነው» አለች። «ኮምቦልቻ አጠገብ የሚያስወጡ ሰውዬ አሉ። ከረመዳን በፊት አገር ትገቢያለሽ፤ ትኬቱን እኔ እቆርጣለሁ።»

አነጋገሯ የፍቅር ነበር፤ እኔ ግን ምድር ከዳችኝ። ከሄድኩ እንደማልመለስ አውቄዋለሁ። የስፌት መኪናዬ ለሌላ ትሰጣለች፤ ሥራዬም ካምፓላም እዚያው ላይ ያበቃሉ። ረመዳን ሊደርስ የቀረው ጊዜ ደግሞ ብዙ አልነበረም። «እስከዚያ ካልተሻለኝ እሄዳለሁ፤ እስከዚያ ግን እዚሁ መድኃኒት ልፈልግ» አልኳት። «ፈልጊ፣ ማን ከለከለሽ?» አለች፤ እንደማላገኝ እርግጠኛ ሆና።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል። እኔም ያልነካሁት በር የለም። መጀመሪያ አክስቴ ራሷ ቁርአን ወደሚቀሩ ሰውዬ ወሰደችኝ። መልካም ሰው ናቸው፤ ቀሩልኝ፣ ዱዓ አደረጉልኝ፣ ሲጨርሱ የተቀራበት ውሃ በጀሪካን ሞልተው «ጠዋት ማታ ታጠቢበት» አሉኝ። ለእኔ! ለአንድ ሰካራም ጠላ እንደማዘዝ ነው። ቀጥሎ አንድ የቆዳ ሐኪም እጄን አይቶ ወፍራም ቅባት ሰጠኝ። ሰውየው ከየት ይወቀው፤ እኛ ዘንድ ቅባት ቆዳን ከጋረደ ውሃው አይደርስም፣ ውሃው ካልደረሰ ውዱእ የለም። ስለዚህ ቅባቱን ለማስለቀቅ በልብስ ሳሙና መፈተግ ጀመርኩ። እጄ ከበፊቱ ባሰበት። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ የሚባለው የእኔ ነገር ነበር።

ሦስተኛው አማካሪ ነበር፤ ናካሴሮ ሰፈር ቢሮ ያለው ረጋ ያለ ወጣት። ሶፋው ይመቻል፣ ድምፁ ለስላሳ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ እንድተነፍስ አደረገኝ፤ ስለ ልጅነቴ ጠየቀኝ። «አገርሽ ናፍቆሻል» አለኝ በመጨረሻ። ኮምቦልቻ ብዙም እንዳልናፈቀችኝ ልነግረው አፈርኩ። እዚያ ሶፋ ላይ ሳለሁ ደህና እሆናለሁ፤ ደረጃውን ወርጄ መንገዱን ስረግጥ ግን ጫማዬ ሥር ያለው እርጥበት ምንድን ነው የሚለው ሐሳብ ይጠብቀኛል።

ነገሩ ሰውን እያስገደደ የሚያስደጋግም የታወቀ በሽታ መሆኑን ያወቅኩት ኢንተርኔት ካፌ ነው። ስልኮቻችን ያኔ ከመደወልና መልእክት ከመላክ ሌላ አያውቁም ነበር። ካባላጋላ መንገድ ላይ ያለ፣ ሙቀቱ የሚያፍን ክፍል ገብቼ «መታጠብ ማቆም አልቻልኩም» ብዬ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ጻፍኩ። የወጣውን ሳነብ ላብ አጠመቀኝ። ከእኔ ቤት መታጠቢያ በር ላይ ቆሞ አይቶኝ የጻፈው ነበር የሚመስለው። ሕክምናም አለው፤ ስሙ ኤክስፖዠር ኤንድ ሪስፖንስ ፕሪቬንሽን። ረጅም ነው። እኔ ለራሴ «መጋፈጥና አለመታዘዝ» ብዬ ሰየምኩት፤ የምትፈሪውን ነገር ትጋፈጫለሽ፣ ሐሳቡ ታጠቢ ሲልሽ አትታዘዢውም። ጭንቀቱ ይወጣል፣ ይወጣል፣ ከዚያ አንቺ ምንም ሳታደርጊ ራሱ ይወርዳል ይላል ጽሑፉ። አላመንኩትም። ግን ሌላው አማራጬ የኮምቦልቻው ትኬት ብቻ ነበር።

ከዚያ ለክሊኒኮችና ለአማካሪዎች ስልክ መደወል ሆነ ሥራዬ። በካምፓላ ሰው «አይ፣ አልችልም» ማለት ነውር ይመስለዋል። ይህን ሕክምና ትሰጣላችሁ ወይ ስላቸው ሁሉም «አዎ፣ አዎ፣ ነይ» ይላሉ። አንድ ሁለቱ ጋ ሄጄ እንደገና ዓይኔን ጨፍኜ ተነፈስኩ። በኋላ ነቃሁ። ጥያቄዬን ለወጥኩ፦ «በመጀመሪያው ቀን ምን እናደርጋለን?» እል ጀመር። ስለ መዝናናት ያወራልኝን አመስግኜ እዘጋለሁ። እኔ ሐኪም የምቀጥር እስኪመስል ድረስ ደፋር ሆንኩ። እውነቴን ነው፣ ለወራት ከቧንቧ ጋር ስጨቃጨቅ የከረምኩት ልጅ ከሰው ጋር መጨቃጨቅ ቀሎኝ ነበር።

በመጨረሻ የረዳኝ ያ ለስላሳ ድምፅ ያለው አማካሪ ነው። ያነበብኩትን አትሜ ወሰድኩለት። አንብቦ ሲጨርስ ወረቀቱን መለሰልኝ። «ይህን እኔ አልተማርኩትም፤ ብሞክረው እጎዳሻለሁ» አለኝ። «ቡጎሎቢ አንዲት ሴት አለች። ውጭ አገር ተምራ የመጣች ናት። ቁጥሯን እሰጥሻለሁ።» ከሰማኋቸው ብዙ አዎዎች ሁሉ ያቺ አንዲት «አልተማርኩትም» በለጠችልኝ።

ሴትየዋ ናካቶ ትባላለች። ስደውልላት ያቺኑ ጥያቄዬን ጠየቅኳት።

«በመጀመሪያው ቀን እናወራለን» አለች። «በሁለተኛው ቀን ግን ቆሻሻ ነው ብለሽ የምትፈሪውን ትነኪያለሽ፤ ከዚያ አትታጠቢም። እኔም አብሬሽ እነካለሁ፣ እኔም አልታጠብም።»

 መጣሁ አልኳት።

ቢሮዋ ቡጎሎቢ ፍላት በሚሏቸው የመኖሪያ ፎቆች ውስጥ ምድር ቤት ላይ ነበር፤ በመስኮቱ በኩል የአንዲት ትንሽ ገበያ ጫጫታና ሮሌክስ የሚሉት በቂጣ የሚጠቀለል የእንቁላል ጥብስ ሽታ ይገባል። አጠር ያለች፣ ፈጣን፣ አንገቷ ላይ መስቀል ያደረገች ሴት ናት። መስቀሉን ለአክስቴ ስነግራት ተነስታ ቆመች። «ክርስቲያን ስለ ውዱእ ምን ታውቃለች? ዲንሽን ልታስጥልሽ ነው!» እኔም ያው ስጋት ነበረኝ። ናካቶ ግን ገና ከመነሻው ቀደመችኝ። «ሃይማኖትሽን አላውቅም፣ ላስተምርሽም አልችልም» አለችኝ። «ጤነኛ ሙስሊም እንዴት እንደሚታጠብ የሚያውቅና አንቺም አክስትሽም የምታምኑት ሰው አምጪልኝ። እሱ ልክ ያለው ነው ልካችን።»

የምናምናቸው ሰው ሼህ ኑሩ ነበሩ፤ የወሎ ሰው፣ ሸምገል ያሉ፣ የሰፈራችንን ልጆች ሁሉ ቁርአን ያስቀሩ። አክስቴ ክርስቲያኗን የሚረቱላት መስሏት ደስ እያላት ይዛቸው መጣች። ሦስታችን በታክሲ ተጨናንቀን፣ ሼሁ ጥቁር ጃንጥላቸውን ጉልበታቸው መሐል ይዘው፣ ቀዩን ጭቃ እያቋረጥን ቡጎሎቢ ደረስን። አስተርጓሚዋ እኔው ነበርኩ።

ናካቶ «በእናንተ ሕግ ስንት ጊዜ ማጠብ ይበቃል?» ብላ ጠየቀች።

ሼህ ኑሩ እኔን እያዩ መለሱ። «አንዴ ግዴታ ነው። ሦስቴ ሱና ነው፤ ቢያደርጉት ይወደዳል። አራተኛው ግን የአላህ አይደለም ልጄ፤ የማን እንደሆነ አንቺው ታውቂዋለሽ። እርግጠኛ የሆንሽበት ነገር በጥርጣሬ አይፈርስም፤ ይህን ልጅ ሳለሽ አላስቀራሁሽም?» ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «እኔም ስትታጠቢ አይቼ ማሻአላህ ብያለሁ። መጠየቅ ነበረብኝ።»

ናካቶ ያን ልክ ይዛ ቀጠለች። ለጊዜው አንዴ ብቻ እንድታጠብ ተስማማን። አክስቴ ያልጠበቀችው ጥያቄ ከዚያ በኋላ መጣ።

«ቤት ውስጥ፣ ታጥበሻል የሚልሽ ማን ነው?»

ተረጎምኩት። አክስቴ ኮራ ብላ «እኔ ነኛ!» አለች። ናካቶ ወንበሯን ወደ እሷ አዞረች፤ ቃሏን ለስለስ አድርጋ እያንዳንዱ ወላሂ በሽታዬን እንደሚቀልበው፣ ከዛሬ ጀምሮ ስጠይቃት «አላውቅም» እንድትለኝ ነገረቻት። ይህን መተርጎም ከተረጎምኩት ሁሉ ከበደኝ።

አክስቴ ፊቷ ተለዋወጠ። «ልጄ ፊቴ እየተንቀጠቀጠች? በዓይኔ አይቼ ሳለሁ አላውቅም ልበል? ዋሺ ነው የምትዪኝ? ሼህ፣ ይኸው ይስሙ፣ ሐራም ሥሪ ትለኛለች!»

 አለቀልኝ አልኩ፤ አክስቴ ትዋሻለች ብሎ የሚያስብ ሰው አክስቴን አያውቃትም። ሼህ ኑሩ ጃንጥላቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። «ሐሊማ» አሉ፣ «ውሸት የሚሆነው አይተሽ አላየሁም ስትዪ ነው። አትይያ! ልጅቷ ስትታጠብ ፊትሽን አዙሪ። ሄደሽ አትተዪያት፣ እዚያው ቁሚላት፤ ግን ጀርባሽን ስጫት። ስትጠይቅሽ አላየሁም በያት። እውነት ይሆናል።»

ናካቶ ስተረጉምላት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። እንዲህ ያለ ነገር ትምህርት ቤት አላስተማሩኝም አለች። አክስቴ ግን አልሳቀችም።

መጋፈጡ ከትንሹ ተጀመረ። የበር እጀታ፣ የታክሲ ወንበር፣ የገንዘብ ኖት፣ የጫማዬ ሶል። ናካቶ እኔ የነካሁትን ትነካለች፤ ከዚያ በዚያው እጅ ማንጎ ልጠን ቁጭ ብለን እንበላለን። ልቤ እንደ ስፌት መኪናዬ ይመታል። «ጭንቀቱ አሁን ምን ያህል ነው?» ትለኛለች፤ ቆየት ብላ ደግማ ትጠይቀኛለች። ያ ያላመንኩት ጽሑፍ እውነቱን ነበር፤ ጭንቀቱ ሰው ሳያባርረው በራሱ ጊዜ ወረደ። ከቢሮዋ ስወጣ በእግሬ እየሄድኩ ለብቻዬ እስቅ ነበር።

ቤት ውስጥ ግን ሌላ ነው። አንድ ማንቆርቆሪያ ውሃ ይዤ እገባለሁ፤ አክስቴ በሩ ላይ ጀርባዋን ሰጥታኝ ትቆማለች። «አክስቴ፣ ክርኔስ?» እላለሁ። «አላየሁም።» «ተረከዜስ?» «አላየሁም፣ ዘይኑ።» ነጠላዋ ሥር ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ይታየኛል። አንድ ቀን እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ አንዴ፣ አንዴ ብቻ ንገሪኝ እያልኩ። ዞረች። አቀፈችኝ። «ወላሂ ታጥበሻል! ወላሂ፣ ወላሂ!» እያለች አብራኝ አለቀሰች። ስኳሩ ጣፈጠኝ፤ ያን ዕለት ግን እስኪመሽ ከውሃ አልወጣሁም። ረመዳን ጥግ ደርሶ ነበር። አክስቴ በማግስቱ «ያው ነው፣ አገር ይሻላል፤ እኔ አልቻልኩትም» አለች። ያልቻለችው እሷ እንደሆነች አልሸሸገችም።

ለናካቶ ነገርኳት። አልተቆጣችም። «እንግዲያው ትልቁን እንሞክር፤ እሷም ትምጣ» አለች።

ትልቁ ጋባ ነበር። ጋባ ከሐይቁ ዳር የጀልባ መውረጃና የአሳ ገበያ ነው። ዝናብ አባርቶ ፀሐይ ወጥታለች። መሬቱ ቅርፊት፣ የአሳ አንጀት፣ ጭቃና ከምን እንደፈሰሰ የማይታወቅ ውሃ ነው። ካሎሊዎቹ ጣሪያ ላይ ተሰልፈዋል፤ የሚጣልላቸውን ይጠብቃሉ። እኔ ከወፎቹ ሥር፣ በሸራ ጫማ፣ ቀሚሴ መሬት እየነካ፣ በመሐላቸው አለፍኩ። አንዲት ሻጭ አሳ ስትከትፍ የፈነጠቀው ውሃ ቀሚሴ ላይ አረፈ። ቆምኩ። አክስቴን አየኋት፤ እሷ ፈጥና ፊቷን ወደ ሐይቁ አዞረች።

ንጌጌ የሚሉትን አሳ ሙሉውን ጠብሰው ከካሳቫ ጋር አቀረቡልን። በእጃችን በላን። ቆዳው ይንኮሻኮሻል፤ ሎሚና ሚጥሚጣ መሰል በርበሬ አለው። እንዲያ የጣፈጠኝ ምግብ ትዝ አይለኝም፤ ደግሞም እንዲያ የፈራሁበት ማዕድ የለም። ሁለቱ አንድ ላይ እንደሚሆኑ ያወቅኩት ያኔ ነው።

የዐስር ሶላት አዛን ከገበያው ጀርባ ካለች ትንሽ መስጂድ ተሰማ። ናካቶ አላየችኝም፤ አሳዋን ትለቅማለች። «እዚህ የእኔ ሥራ አበቃ» አለች።

ውዱእ ቦታው ላይ አንድ ጆግ ውሃ ቀዳሁ። አክስቴ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆመች። አንዴ አንዴ ብቻ ታጠብኩ። ፊቴን፣ እጄን እስከ ክርኔ፣ ራሴን አበስኩ፣ እግሬን። ጆጉን አስቀመጥኩ። ከዚያ ያን ጥያቄ መያዝ አልቻልኩም።

«አክስቴ፣ ታጥቤያለሁ?»

 ስትመልስ ድምፅዋ ተሰብሮ ነበር፣ ግን አልዞረችም።

«አላየሁም ልጄ። ነይ እንስገድ።»

ሰገድኩ። ስንት ወር ከቆየሁ በኋላ። ሱጁድ ላይ ግንባሬ ምንጣፉን ሲነካ ሐሳቡ መጣ፣ ክርንሽስ አለኝ፤ እንደመጣ ተውኩት። ምንጣፉ አሳ አሳ ይሸት ነበር። ምናልባትም የሚሸተው እኔ ነበርኩ። ከጎኔ አክስቴ ስታለቅስ እሰማታለሁ፤ ለእኔ ያለቀሰች መስሎኝ ነበር፣ ኋላ ግን አላህን እያመሰገነች እንደነበር ነገረችኝ።

ትኬቱ አልተቆረጠም። ያን ረመዳን በካምፓላ ጾምኩ፤ ለኢድ የሰፋሁት ልብስ ብዛቱ ለአክስቴ ኩራቷን መለሰላት። ድኛለሁ ብዬ ግን በአንድ ቀን አልጨፈርኩም። ዓመታት ፈጀ፤ ሐሳቡ ከወሊድ በኋላ አንዴ፣ በትልቁ ወረርሽኝ ጊዜ ደግሞ መላው ዓለም እጅህን ታጠብ ሲል አንዴ ተመልሶ መጥቶ ነበር። መውጫ በሩን ስለማውቅ ብዙ አልቆየም። ናካቶ ሸምግላለች፤ ዛሬም ትሠራለች፣ ተማሪዎችም አሏት። ሼህ ኑሩ ከሞቱ ቆይተዋል። አክስቴ ሐሊማም ካቻምና አረፈች። ገላዋን ካጠቡት ሴቶች አንዷ እኔ ነበርኩ፤ በዲናችን ልክ አጠብኳት፣ ከልኩም አላለፍኩም። 

ወደ ጁምዓዋ ልጅ ልመለስ።

«ቆመው ይዩኝ» ብላኛለች። ሳያት ክርኗ ረጥቧል፣ ውሃው እየተንጠባጠበ ነው፤ ዕውር እንኳ ያየዋል። ወላሂ ታጥበሻል ማለት ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። አንዲት ቃል ናት፤ ብላት ፊቷ ይበራል፤ ልላት የፈለግኩት ትመርቀኛለች ብዬ አይደለም፣ የልጅ እንባ ማየት ስለማልችል ነው።

ጎንበስ ብዬ «ስምሽ ማነው?» አልኳት። ሰሚራ ናት፣ ወላጆቿ ከጅማ የመጡ ነጋዴዎች ናቸው። «ሰሚራ፣ ይህ ነገር በሽታ ነው፤ መድኃኒት አለው። እኔም ታምሜው ነበር። ከሶላት በኋላ ቁጭ ብለን አወራሻለሁ፤ ከእናትሽም ጋር፤ የት እንደምትሄዱ አሳያችኋለሁ። አሁን ግን አንዴ ታጠቢ። እኔ የትም አልሄድም።»

ከዚያ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ከኋላዬ ውሃው ሲወርድ ይሰማኛል። ቆመ። እንደገና ወረደ። እንደገና ቆመ። ልጅቷ ስታለቅስ ሰማኋት፤ አንገቴ በራሱ ሊዞር ፈለገ፣ እጆቼን ነጠላዬ ውስጥ ጠቅልዬ ያዝኳቸው። እነዚያን ሁሉ ዓመታት፣ ከባዱን ሥራ የሠራሁት እኔ ነኝ ብዬ ሳወራ ኖሬያለሁ። የአክስቴ ጀርባ ምን ተሸክሞ እንደነበር ያወቅኩት ግን እዚያ ግድግዳ ፊት ቆሜ ነው። ልነግራት ፈለግሁ፤ የለችም።

«እትዬ» አለች ልጅቷ፣ «ደረሰ?»

«አላየሁም ልጄ» አልኳት። «ነይ እንስገድ።»